ኬላና ተማሪ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ለንግድ የወጣ ሰው ኬላን ሳያውቅ የትም አይደርስም ነበር። ከአፋር በረሓ ተቈርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ የወጣው አሞሌ ጎጃም ባሶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ፥ ከባሶም የተነሣው ቡናና ዝባድ፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ምጽዋ ወደብ እስኪወርድ ድረስ፥ በወንዝ መሻገሪያና በጠባብ በር ላይ ዳስ ተጥሎ፥ በዳሱም ጥላ ሥር የነጋድራሱ ሰው ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ጭነቱ ይፈታል፥ አሞሌው ይቈጠራል፥ ከተቈጠረውም ላይ የኬላው ድርሻ ይነሣል፤ ነጋዴውም በሆዱ እየተራገመ በአፉ ግን እየመረቀ ጭኖ ይሄዳል፥ ከጥቂት ቀን መንገድ በኋላም ሌላው ዳስ ብቅ ይላል።

በዚህ ሁሉ በር ሳይፈተሽና ሳይቀረጥ የሚያልፍ አንድ መንገደኛ ነበረ፤ እርሱም ተማሪው ነው። ደበሎውን በጀርባው ጥሎ፥ አኵፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ሲመጣ የኬላው ጠባቂ ቀና ብሎ ያየውና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ምኑ ይቀረጥ? አኵፋዳው ቢከፈት ከውስጡ የሚወጣው ከሰባት ደጃፍ የተለቀመ፥ አንዱ የጤፍ፥ አንዱ የዳጉሳ፥ ሌላው የገብስ የሆነ የደረቀ ቍራሽ ነው፤ ከቍራሹም ሥር ጠርዙ በጭስ የጠቈረ ዳዊት ቢገኝ ነው። ከዮሐንስ እስከ ፋሲካ በቃሉ ለያዘው ድጓ ማንም አሞሌ አልቈጠረበትም።

ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርዳል፤ ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ፥ ቅዳሴ የፈለገ ደብረ ዓባይ፥ የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገ ጎንደር ይገባል። በተወለደበት ደብር አጠገብ የሚማር ልጅ፥ እናቱ ጥጃ ጠፋ ብላ፥ አባቱም የአጨዳ ሰሞን ደረሰ ብሎ ይጠራዋልና፥ ከልቡ መማር የወደደ አንድ ማለዳ ከብቱን ሜዳ ላይ ትቶ፥ ለማንም ሳይናገር ሁለትና ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ካልሄደ ትምህርቱ አይያዝለትም ይባል ነበር። የኔታም የመጣውን ልጅ እስከ ምን እንደ ዘለቀ ይጠይቁታል እንጂ ማን እንደ ፈቀደለት አይጠይቁትም። በወሎ ወደ ዳናና ወደ ጌታ ኪታብ ፍለጋ የሚወርደውም ደረሳ ነገሩ እንዲሁ ነበረ። ይህ ደቀ መዝሙር ከዚህ ወንዝ ወዲያ አይሻገር ብሎ ዐዋጅ ያስነገረ ንጉሥ ስለ መኖሩ እኔ በበኩሌ አላነበብሁም።

ይህ ልማድ ስለ ደግነቱ ብቻ የኖረ አይመስለኝም፤ ከበስተ ኋላው ሒሳብ አለ። ተማሪውን የምታበላው በደጃፏ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቍራሽ ይዛ የምትወጣው ባልቴት ናት፤ መምህሩን የሚያኖረው ደብሩ የሰጠው መሬት ነው፤ ጎጆውን የሚቀልሰው ተማሪው ራሱ ነው። ቤተ መንግሥት ለአድባራት ጉልት ይሰጥ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ በተማሪ ራስ ቈጥሮ ያወጣው ጠገራ ብር ስላልነበረ፥ ያ ልጅ ሊቅ በሆነ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዕዳ በእጁ አልነበረም። ይህን ስል የድሮውን ዘመን ገነት ለማድረግ አይደለም፤ ሴት ልጅ በዚያ ጎዳና አልተመላለሰችም ማለት ይቻላል፤ የደብሩንም መሬት የሚያርሰው ገበሬ ስለ ቅኔው ጥልቀት አሳቡን የተጠየቀበት ጊዜ የለም። ነገር ግን የኋላውን ዘመን ምሬት ለመረዳት፥ ተማሪን ማን ያበላው ነበር የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ማንሣት ይገባል።

ባሕር ተሻግሮ የመማር ነገር በመጣ ጊዜም ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ በዚሁ በቆሎ ተማሪ መንገድ ነው የሄዱት። በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ የተወለዱት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና ልጅ ሳሉ በምጽዋ ወደብ በቆመ የጀርመን መርከብ ተሸሽገው እንደ ወጡ፥ የመርከቡም አዛዥ ለአንድ ኦስትሪያዊ ባለጠጋ ቤተ ሰብ እንደ ሰጣቸውና በዚያ እንደ ተማሩ በታሪካቸው ይነገራል፤ ከብቱን ሜዳ ላይ ትቶ የጠፋው ልጅ ማለት ነው፥ ወንዙ ብቻ ሰፋ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የጻፉት ግን የምስጋና መጽሐፍ አልነበረም። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብርም በሹሙ ፈቃድ ሳይሆን በተወሰነ ልክ እንዲከፈል አጥብቀው አሳሰቡ፤ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸውም፥ ቆዳና ቡና ሽጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ፥ ዕውቀትም የጐደለው ሕዝብ ድካሙ ሁሉ ለዐዋቂው ሕዝብ ሲሳይ እንደሚሆን አስረዱ። የገረመኝ መጨረሻቸው ነው፤ መንግሥት ለእኒህ ሰው ያገኘላቸው ከፍተኛ መዓርግ የድሬዳዋ ነጋድራስነት፥ ማለት የኬላ አለቅነት ነበረ፤ በ1911 ዓ.ም. በዚሁ መዓርግ ሳሉ ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተልከው የተመለሱት ወጣቶች ታሪክ አጭርና መራራ ስለ ሆነ አላረዝመውም። ኢጣልያ በገባች ጊዜ ብዙዎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰልፈው ተዋጉ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ የተማረ የተባለ ሁሉ እየተለቀመ ተረሸነ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች ዮሴፍና ብንያምም በዚያ ወራት አለቁ።

ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መንግሥቱን የተማረ ሰው ርኃብ ያዘው። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርትን ሚኒስቴር ለሌላ ሹም ሳይሰጡ ለረጅም ዘመን በራሳቸው እጅ ያዙ፤ በኮተቤ በስማቸው የተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ፤ የጎንደር የጤና ጥበቃና የዓለማያ የእርሻ ኮሌጆችም ተከተሉ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መሪ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆኑ፥ እርሳቸውና ማኅበርተኞቻቸው የካህንነት ልብሳቸውን ትተው በኮትና በከረባት ያስተምሩ ነበር፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ኢየሱሳዊ የሚለው ስም በዚህ አገር ምን እንደሚቀሰቅስ ዐውቀዋልና።

እንግዲህ ያቺ ቍራሽ ይዛ የምትወጣው ባልቴት ቀረች፤ በእርሷ ፈንታ መንግሥት ራሱ ማዕድ ዘረጋ። ተማሪው በመንግሥት ቤት ያድራል፥ በመንግሥት ሳህን ይበላል፥ ለተጨማሪ ትምህርት ሲላክም በመንግሥት ትኬት ይሳፈራል። የሚደንቀው ግን ዕዳው እንዲህ ከብዶ ሳለ በሩ ገና ክፍት መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተላኩት፥ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ይመለሱ ነበር፤ እንዲያውም ዲግሪውን በያዘ በማግሥቱ ትኬቱን የሚቈርጠው ይበዛ ነበር ይባላል። ይህም የሆነው ባገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት የሚጠብቀው ወንበር በውጭ ካለው ወንበር ይበልጥ ስለ ነበረ ነው። የተመለሰው ሰው በጥቂት ዓመት የመምሪያ ኀላፊ፥ ጥቂት ቈይቶም ምክትል ሚኒስትር ይሆናል፤ ቮልሱን ይገዛል፥ በቦሌ ወይም በቀበና ቦታ ይመራል፥ እናቱም በሰፈሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የዶክተሩ እናት ትባላለች። ለዚህ ሰው ውጭ አገር ትምህርት ቤት ነው፤ ቤት አይደለም።

በሩም ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ ቃል ገባች፤ ከሚቀጥለውም ዓመት ጀምሮ የኬንያ፥ የታንጋኒካ፥ የዩጋንዳ፥ የናይጄሪያና የሌሎችም አገሮች ልጆች ወደ ኮሌጁ ገቡ። አሳቡ የንጉሡን የአባትነት ስም ለማስፋት ነበረ፤ ፍሬው ግን ሌላ ሆነ። ከቅኝ ግዛት የመጣው ልጅ ማኅበርና ስብሰባ፥ ክርክርና ሰልፍ ያውቅ ነበርና፥ የሦስት ሺህ ዘመን ነጻነት ሲሰበክለት ያደገውን ኢትዮጵያዊ ጓደኛውን በእራት ሰዓት፦ እናንተ ነጻ ከሆናችሁ ገበሬያችሁ ለምን እንዲህ ጐሰቈለ ብሎ ይጠይቀው ጀመር። ያን ጥያቄ ይዞ የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ቢቀረጥ ኖሮ፥ የኋላው ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር እላለሁ።

በስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ፥ ከአበባው መካከል፥ ወደ የትም የማያደርስ አንድ ደረጃ ቆሟል። ኢጣልያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ነው፥ ዓመት በተጨመረ ቍጥርም እርከን ሊጨመር ነበር። ነጻነት ሲመለስ በአናቱ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ደረጃው በዚያው ቀረ። በዚህ ቅጥር ውስጥ ነው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው፤ በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ አዳራሽ ውስጥ ነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣው ሲከሽፍ የታገቱት መሳፍንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት። የኮሌጁ ተማሪዎች ያን ግልበጣ ደግፈው በሰልፍ ወጥተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተመልሰው ዙፋናቸውን ባጸኑ በዓመቱ፥ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ይህንኑ የደም ቤት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ምሕረት ነው የሚሉ አሉ፥ ማስታረቂያ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ሁለቱንም ሳልነቅፍ፥ ከስጦታው ጋር ዕዳውም አብሮ እንደ ተሰጠ አስባለሁ። ቤቱን የሰጠ አባት ልጁ አፍ ሲያወጣበት፥ ምን አጐደልሁብህ ማለቱ አይቀርምና።

ልጁም አፍ አወጣ። አስቀድሞ በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፥ ስለ ድኻው የሚናገር ግጥም ይነበብ ጀመር፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሾላ ታጕረው የነበሩት ለማኞች ነገር ሌላ ሰልፍ አስነሣ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም፥ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአውራጃ እንዲያገለግል የሚያዘው ሥርዓት፥ ለመንግሥት መምህር ሲያስገኝ ለተማሪው ደግሞ ዐይን ሰጠው፤ ሲሶና እርቦ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ደጅ ማር ይዞ እንዴት እንደሚቆም በዐይኑ አይቶ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው ሲያለቅሱ በነበሩት ጓደኞቹ ላይ በዚያው በስድስት ኪሎ ቅጥር ውስጥ ተተኰሰ።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚውን ነገር ካልጨመርን ጠቡ የልጅነት ትዕቢት ይመስላል። ወንበሩ እየሞላ ሄዶ ነበር። በ1940ዎቹ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ መሥሪያ ቤቶች የሚሻሙበት ሙሽራ ነበረ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ተሰልፎ ይታይ ጀመር። መንግሥትም ፋብሪካውንና እርሻውን በማስፋት ፈንታ ትምህርቱን ማጥበብን መረጠ። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት፥ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲገለጥ፥ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት ትምህርት በቂ ነው፥ ከዚያ በላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው የሚል ሆኖ ተሰማ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች የገጠሩን ሕፃን ሁሉ ፊደል ለማስቈጠር አስበው እንደ ነበረ አልክድም፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሕ አለበት። ወላጅ ግን ወዲያው የገባው፥ በአራተኛ ክፍል በር ላይ ዳስ መጣሉና የድኻ ልጅ እዚያ ጭነቱን እንዲያራግፍ መታዘዙ ነው። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የነዳጅ ዋጋ የተጨመረባቸው ባለታክሲዎችም በዚያው ቀን መኪናቸውን አቆሙ፤ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የደርግ መንግሥት የተማሪውን ጥያቄ መለሰለት፥ ተማሪውን ግን ወሰደው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። የካቲት 25 የመሬት ዐዋጁ ሲታወጅ ያለቀሱ ዘማቾች ነበሩ፥ የደስታ ልቅሶ ነው። ልቅሶው ሳይደርቅ ግን፥ ዐዋጁን ለገበሬው ሲያስረዱ ገደብ ዐለፋችሁ ተብለው የሚታሰሩ ሆኑ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን ቀይ ሽብር ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ስም ያስታውሰዋልና እኔ አልተርከውም።

ያ ዘመን ኬላን በሁለት ወገን መለሰው። አንደኛው በእህል ላይ ነው፤ ገበሬው ከመከሩ ኮታ ቈርጦ መንግሥት በወሰነው ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ፥ ነጋዴውም ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል እንዳያሻግር ስለ ተከለከለ፥ በከተማው መግቢያ ላይ ጠባቂው በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጆንያውን በሽቦ እየወጋ ጤፍ ይፈልግ ነበር፤ ሚስት ከባሏ ዘመዶች ከገጠር የተላከላትን አንድ ቍና በነጠላዋ ቋጥራ በወንበር ሥር የምትደብቅበት ጊዜ ነበረ። ሁለተኛው በሰው ላይ ነው፤ አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው ከፓስፖርቱ ሌላ መውጫ ቪዛ የሚባል ፈቃድ ያስፈልገው ጀመር። ጤፉንና ዲግሪውን በአንድ ዐይን የሚያይ መንግሥት ነበረ ማለት ነው፤ ሁለቱም የተመረቱት በመንግሥት መሬት ላይ ነውና ያለ መንግሥት ፈቃድ በር አያልፉም።

አንድ ወዳጄ በዚያ ዘመን ከፍ ላለ ትምህርት ወደ ውጭ የመሄድ ዕድል ወጣለት። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ወረቀት ስንሸከም ከረምን፤ ከቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ፥ ከመሥሪያ ቤት የስንብት ሳይሆን የፈቃድ ደብዳቤ፥ ከግብር ነጻ መሆኑን የሚያስረዳ፥ ከንብረት ክፍል ዕቃ አለመያዙን የሚያስረዳ፥ ሁሉም ክብ ማኅተምና ሐምራዊ ቀለም ያለበት። በመጨረሻም ዋስ ተባለ። በልጅነታችን ያስተማሩን አንድ ደመወዝተኛ ሽማግሌ ነበሩና እቤታቸው ሄድን።

«ጋሼ፥ ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ነው» አለ፥ ራሱን ቀና ሳያደርግ።

«ትመለሳለህ ወይ ልጄ?»

«እመለሳለሁ ጋሼ፤ ሦስት ዓመት ነው።»

ብዕራቸው ቀለም አልሰጥ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ አራገፉት፤ በወረቀቱ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፥ በጣታቸው ሊጠርጉት ቢሞክሩ ተስፋፋ። ወዳጄ በሦስት ዓመቱ አልተመለሰም። ሽማግሌው ተጠርተው ገንዘቡ ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቈረጥ ተፈረደባቸው፤ በየወሩም ሲቈረጥ ስለ እርሱ አንድ ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም፤ «የተማረ ልጅ ነው፥ ጊዜው እስኪያልፍ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ተቈጥቼው ኖርሁ፤ ቍጣዬን ያበረደው ዕድሜና፥ በጊዜው የነበረውን ሒሳብ ደግሜ ማስላቴ ነው። በዲግሪ ተመርቆ ሥራ የሚገባ ሰው መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበረ፤ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፥ ከዚያ ብዙም ንቅንቅ አላለም፤ የባንኩ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ሲኖር የገበያው ዋጋ ለብቻው ይሮጥ ነበር። ሁሉን አጥብቆ የያዘው እጅ ደመወዙንም አጥብቆ ያዘው። የቀድሞው ምሁር የሚመለሰው በሩ ክፍት ስለ ነበረ፥ ዳግም ቢያሻው እንደገና መውጣት ስለሚችል ጭምር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር ያገኘ ሰው ግን ወደ ኋላው መልሶ አይዘጋውም። ቪዛውን ያላገኘው ደግሞ እንደ ጥንቱ ተማሪ በትር ይዞ በመተማና በሑመራ በኩል ሌሊት ሌሊት ወጣ፤ ገዳሪፍና ካርቱም ዐዲስ አበባን በሚያህል ናፍቆት ተሞሉ፤ አሜሪካም በ1972 ዓ.ም. ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ከዚያ ብዙዎችን ወሰደች።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የጤፉ ኬላ አስቀድሞ ፈርሶ ነበር፤ የተማሪው ግን ቅርጹን ብቻ ለወጠ። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወረደ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን የስድስት ኪሎ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኰሰባቸው፤ በሚያዝያም 42 የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ደርግ እንዳይወጡ በር የዘጋባቸው ሊቃውንት አሁን ወደ ውጭ የሚገፋ በር ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከጣት ቍጥር ተነሥተው ከዐርባ በላይ ሆኑ፤ ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም ፍርድ ዐዋቂ አይክደውም፤ ነገር ግን መንግሥት የማዕዱን ሒሳብ አስልቶ፥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የበላበትንና የተማረበትን ወጪ እንዲጋራ አደረገ፤ ዕዳውን እስኪከፍልም ዋናው ዲግሪ በትምህርት ቤቱ ካዝና ይቀመጣል፥ ልጁም ተማሪዎች «ቴምፖ» የሚሉትን ጊዜያዊ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ከመቶው ሰባው ሳይንስ፥ ሠላሳው ሌላውን ይማር የሚል ሥርዓት ደግሞ ተደነገገ፤ ከዚያ የተመረቀው ወጣት የኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርብ በየመንገዱ ታየ። ድንጋይ መጥረብ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሥራውን ለማግኘት ዐሥራ አምስት ዓመት መማር አስፈላጊ መስሎ መታየቱ ነው።

በአንድ የሐምሌ ቀን፥ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፥ ለምረቃ በተጠራሁበት በስድስት ኪሎ ቅጥር ውስጥ ስዘዋወር ያን ደረጃ ከብበው የሚነሡትን ተመራቂዎች ቆሜ አየሁ። አንድ ረዘም ያለ ልጅ ጥቁር ካባውን ለብሶ፥ ከገጠር የመጡ አባቱን ከጐኑ አቁሞ፥ አንበሳው ከበላያቸው እንዲታይ አድርጎ ተነሣ። ፎቶ አንሺው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ካሜራውን ሳያወርድ፥

«ለዲቪም የሚሆን አንድ ላንሣህ እንዴ? ካባውን አውልቀው» አለው።

ልጁ አባቱን አየና ካባውን አወለቀ። ፎቶ አንሺው ግራ ቀኝ ቢመለከት ነጭ ግድግዳ አጣ፤ ለዚህ ፎቶ ደግሞ ከኋላ ነጭ ነገር ያስፈልጋል። አባትየው ምን እንደ ተፈለገ ጠይቀው በተረዱ ጊዜ አንድ ነገር ሳይናገሩ፥ ለበዓሉ ታጥቦ የመጣውን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፥ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ከልጁ ራስ ኋላ ያዙለት። ነፋስ ስለ ነበረ ጫፉ ይወዛወዝባቸው ነበር። «ከፍ ያድርጉት አባባ፥ ጣትዎ እየገባብኝ ነው» አለ ፎቶ አንሺው፤ እርሳቸውም ከፍ አደረጉት።